ሁለት አፍንጫ ያሸተተው ብስኩት

ጋሽ ሁሴን ማረፋቸውን የነገረኝ ሹፌሩ ይማም ነው፤ የነገረኝም አፉ ሙሉ ብስኩት ሆኖ ነው። ከቆላ ይዞት የመጣውን መኪና እንደ ልማዱ ከዳቦ ቤታችን በር ላይ አቆመ፣ ገባ፣ ሳይጠይቅ ከትሪው ላይ ሁለት ብስኩት አነሣና አንዱን ሙሉውን ወደ አፉ ከተተው። ከዚያ እያላመጠ አንድ ነገር አለኝ። የሰማሁት «ሁሴን» የሚለውን ብቻ ነበር።

«ውጠህ ተናገር!» አልኩት።

ዋጠ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሚጥሚጣው መስሎኝ ነበር።

«እማማ አስካለ፣ ጋሽ ሁሴን ትናንት ወደ አኼራ ሄደዋል። ቀብረናቸው ነው የመጣሁት። መንገዱን ሁሉ እንዴት ብዬ እንደምነግርዎት ሳስብ መጣሁ። እዚህ ስደርስ ግን ብስኩቱን አየሁት፤ ሆድ ባሰኝ፤ በላሁት።»

ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። ግን ይህን ጋሽ ሁሴን ቢሰሙ ሆዳቸውን ይዘው እንዴት እንደሚስቁ ታየኝ። መርዷቸው በብስኩት መካከል ተላምጦ ሲነገር! ዱቄት በነካ እጄ ፊቴን ሸፈንኩና አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ሳቅሁ። ይማም የቱን እንደማደርግ ግራ ገብቶት ሁለተኛውን ብስኩት በላ።

ሰው ሲሞት ደግነቱ ይበዛል። ትናንት ሲያሙት የነበሩ ሰዎች ዛሬ መልአክ ያደርጉታል። ይህ ለሟቹም አይገባውም። ስለዚህ እኔ የጋሽ ሁሴንን መልካሙንም ጥፋቱንም እኩል አድርጌ እጽፋለሁ። አራተኛ ክፍል አልጨረስኩም፤ ጽሕፈቴ ቢጣመም ሚዛኔ ግን አይጣመምም። ከወዲሁ ልናገር፤ ጋሽ ሁሴን ሲዋሹ ያየኋቸው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያንንም ውሸት በአደባባይ ያፈረስኩባቸው እኔ ነኝ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያቸው ከራሳቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። ወደ ከተማችን ወደ ሞላሌ የመጡት ከቆላ ነው። ለብዙ ዓመት ስኳርና ጨርቃ ጨርቅ ወደ ደጋው እያመላለሱ ነገዱ፤ በኋላ ጉልበታቸው መንገዱን እንቢ ሲል እዚሁ ዳቦ ቤት ከፈቱ። እኔ ያኔ ባሌን ቀብሬ፣ ልጆቼን ድሬ፣ የልጅ ልጅ ታቅፌ ቤት መቀመጥ ሰልችቶኝ ነበር። አቡኪ ይፈለጋል ሲባል ሰማሁና ሄድኩ።

«ማቡካት ትችያለሽ?» አሉኝ።

«እርስዎ መብላት ይችላሉ?» አልኳቸው።

«ነገ ነይ» አሉ እየሳቁ።

ከማይረሱኝ ነገሮች አንዱ የምድጃውን መዝጊያ ሳያንኳኩ አለመክፈታቸው ነው። በጣታቸው አጥንት ኳ፣ ኳ ያደርጉና ትንሽ ይጠብቃሉ። ምን ማለትዎ ነው ብላቸው፣ «ውስጥ ሥራ ላይ ናቸው። ሰው ቤት ሳያንኳኩ ይገባል?» አሉኝ። መጀመሪያ ትንሽ ነካ የሚያደርጋቸው መስሎኝ ነበር። በኋላ ገባኝ፤ በዚያች ቆይታ ምድጃውን ያሸቱታል። ሽታው ካልደረሰ ሳይከፍቱ ይመለሳሉ።

ያን ጊዜ የሚጋግሩት ብስኩት ስኳር ብቻ ነበር። ከልጅ በቀር የሚገዛው የለም። ገበሬው ገበያ ወጥቶ ዳቦ ይገዛል፣ ብስኩቱን በጣቱ ነካ ያደርግና «ይሄ ለሕፃን ነው» ብሎ ይሄዳል። እኔም አንዱን ቀምሼ የተረፈውን ትሪው ላይ መለስኩት።

«ምን ጎደለው?» አሉ። አልተቀየሙም።

«ጨው ነዋ! ጨው የሌለው ነገር ምኑ ምግብ ይባላል?»

«በብስኩት ላይ ጨው?»

«በሶ ላይ ጨው የለም? ጭኮ ላይ ጨው የለም? ብስኩት ማን ስለሆነ ነው የሚቀርበት?»

በማግስቱ ከቤቴ የገብስ በሶ ይዤ ሄድኩ፤ ጥቁር አዝሙድና ጨውም ጨመርኩበት። እሳቸው ከስንዴ ዱቄታቸው፣ ከስኳራቸውና ከቆላ ካስመጡት ሚጥሚጣ ቆንጠር አድርገው አገቡበት። የመጀመሪያውን ትሪ ለውሻ ብንሰጠው አሽትቶ ሄደ። ሁለተኛው ጨው በዛበት፤ ሦስተኛው አረረ። በአምስተኛው ላይ ግን ጋሽ ሁሴን አንዱን ቆርሰው አላመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከዚያ ምንም ሳይናገሩ በር ላይ ወጥተው መንገደኛ መጥራት ጀመሩ። ያ ብስኩት መጀመሪያ ይጣፍጣል። ስታላምጠው ጨውና አዝሙዱ ይከተላል። ከዋጥከው በኋላ ሚጥሚጣው ጉሮሮህን ጫር አድርጎህ ይሄዳል። በግ ሊሸጥ የመጣ አንድ ሽማግሌ በልተው ሲጨርሱ እጃቸውን ዘርግተው፣ «እስቲ ድገመኝ፤ ይሄኛው ለአዋቂ ነው» አሉ።

ብስኩቱ ስም ሲያወጣና ሰው ከቀየት ድረስ ሲመጣለት፣ ጋሽ ሁሴን ለጠየቃቸው ሁሉ «አባቱ ቆላ ነው፣ እናቱ ደጋ ናት፤ እናቱም ይቻት» እያሉ ወደ እኔ ያመለክታሉ። የሌላውን ድርሻ አይነኩም። ሥራ ሲያልቅ የሚተርፈውን ስብርባሪ እኩል እንካፈላለን። አንድ ቀን የእኔ ድርሻ አነሰ ብዬ ስከራከር ቆይተው ደህናውን ብስኩት አንሥተው በጉልበታቸው ላይ ሰበሩና ጨመሩልኝ። «አሁንስ?» አሉ። «አሁን የእርስዎ አነሰ» ብዬ ግማሹን መለስኩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከወረዳ የመጣ ባለ ከረባት ሰልፉን ጥሶ ሲገባ ከመጨረሻው እንዲቆም አደረግሁት። ሰውየው ወደ ጋሽ ሁሴን ዞሮ «ይህቺ ሴትዮ ማን ናት?» ቢላቸው፣ «እዚህ ቤት ዳኛ ናት፤ ይግባኝ የለውም» አሉት። ሄዶ ከኋላ ቆመ።

የጨው ነገር ደግሞ የራሱ ወግ ነበረው። ሊጡ ሁሉ ነገር ገብቶበት ሲያልቅ ጨው በመጨረሻ በሦስት ጣታቸው ይይዛሉ። «ስኳር ለብቻው ይዋሻል፤ እውነቱን የሚነግረው ጨው ነው» ይላሉ። ከዚያ እጃቸውን ከሊጡ በላይ እንዳንጠለጠሉ ወደ እኔ ያዩና «ልንገረው?» ይላሉ። «ይንገሩት» እላለሁ። ይበትኑታል። መልስ ካልሰጠሁ አይበትኑም። ተቆጥቼ ዝም ባልኩባቸው ቀን ጨዉን እንደያዙ ቆመው ጠብቀውኛል።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ።

የብስኩቱ ሊጥ ሁለት ዓይነት ነው፤ ለፍስክ በቅቤ፣ ለጾም በዘይት። ጋሽ ሁሴን ሙስሊም ይሁኑ እንጂ የእኛን ጾም ከብዙዎቻችን ይልቅ ያውቁታል። ግድግዳቸው ላይ የበዓላት መቁጠሪያ ሰቅለው ረቡዕና ዓርቡን በከሰል ከበውታል። ሰው ሁሉ ከእሳቸው ነበር የሚጠይቀው። «ጋሽ ሁሴን፣ ጾም ገባ?» ይላቸዋል። «ነገ ነው የሚገባው፤ ዛሬ ብላ» ይሉታል። በጾም ወቅት ለሙስሊም ነጋዴዎችና ለሕፃናት የቅቤውን ስንጋግር የሚቀምሱት እሳቸው ናቸው። ረመዳን ሲገባ ደግሞ እኔ ነኝ። «ለዚህ ወር ምላሴ አንቺ ነሽ፤ አደራ» ይሉኛል። እንዲህ ተካክለን ኖርን።

ቅቤውና ዘይቱ የሚቀመጡት በሁለት እኩል የወተት ዱቄት ጣሳ ነበር፤ ዘይቱ ከቀኝ፣ ቅቤው ከግራ። ቆላ ላይ ቢሆን ሁለቱን የሚያሳስት የለም፤ ዘይት ይፈሳል። በእኛ ብርድ ግን ያ የሚረጋው ዘይት ድርቅ ብሎ ቢጫ ይሆናል፤ በማንኪያ ነው የሚወጣው። በዓይን ብታየው ቅቤ ነው። የሚለየው አፍንጫ ብቻ ነው።

የታኅሣሥ ገብርኤል ዋዜማ ነበር። የደብሩ ማኅበር ለበዓሉ አራት ትሪ የጾም ብስኩት አዞናል። ጋሽ ሁሴን ለምድጃው ባሕር ዛፍ ሊገዙ ሄዱ። እኔ ጉንፋን ይዞኛል። «አስካለ፣ አፍንጫሽ ተዘግቷል፤ ዛሬ ቤትሽ ዋይ» ብለውኝ ነበር። «የማን አፍንጫ ነው የተዘጋው?» ብዬ ተሟገትኳቸው። እሳቸው ሲሄዱ በዓሉን ብዬ መደርደሪያውን አጠብኩት፤ አራት ትሪም አቡክቼ፣ በሳልሳ ጣሳ አፍ እየቆረጥኩ፣ ጋገርኩ። ከእጥበቱ በኋላ፣ ገና ሳላቦካ፣ ጣሳዎቹን ስመልስ ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ እንዳደረግሁ አላወቅሁም። ምድጃችን የቅቤውንም የዘይቱንም ስለሚጋግር በደጅ የሚያልፈውንም ሰው ሽታው አላጠራጠረውም።

በማግስቱ ብስኩቱን በቅርጫት ተሸክሜ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቅዳሴ ወጣ። ደጀ ሰላም ተቀመጥን። መምሬ ኃይሌ ባረኩ፤ በእኛ ዘንድ በዕድሜ ስለሚታደል ብስኩቱ መጀመሪያ የደረሰው ለእማሆይ ወለቴ ነው። ሰማንያ ያለፋቸው መነኩሲት ናቸው። ጥርስ ባይኖራቸውም በድዳቸው ገመጥ አደረጉት። እኔም የራሴን ይዤ ወደ አፌ ሳነሣ ከበሩ ውጭ ጩኸት ሰማን።

«አትብሉ! አትብሉ! ቅቤ ነው!»

ጋሽ ሁሴን ናቸው። ሽርጣቸውን እንደታጠቁ፣ የጎማ ቦት ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ ዳገቱን በሩጫ ወጥተው ከበሩ ላይ ቆመዋል። ማንኪያ ይዘዋል። ጠዋት ለነጋዴዎቹ የቅቤ ብስኩት ሊያቦኩ ከግራው ጣሳ ጨልፈው ሲያሸቱት ዘይት ሆኖባቸው፣ የቀኙን ሲያዩት ጎድሎ አገኙት። ነገሩ ገብቷቸው ማንኪያውን እንኳን ሳያስቀምጡ ነው የሮጡት።

ሰው ሁሉ የያዘውን ብስኩት እንደ ጊንጥ ጣለው። እማሆይ ወለቴ ብቻ አፋቸው ውስጥ እንዳለ ቀሩ፤ ይዋጡት ይትፉት አላወቁም።

ባለ ሱቁ አቶ በላቸው ከተቀመጠበት ተነሣ። «ማን ነው ይህን ያደረገው?»

ጋሽ ሁሴን በሰው መካከል አዩኝ። ብስኩቱ በእጄ ነበር። ዓይናችን ተገናኘ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እጄ ሳተ። ይቅር በሉኝ።»

«አላልኳችሁም?» አለ አቶ በላቸው። «እስላም የጾም ብስኩት ሊጋግር ብላችሁ አምናችሁ! እነሆ መነኩሲቷን አስገደፋቸው!»

እኔ ዝም አልኩ። በሰልፍ ለተቀደመ ሰው የምጮኸው፣ ለስብርባሪ የምከራከረው እኔ አስካለ፣ ብስኩቴን ይዤ ዝም አልኩ። ይህንንም እኩል አድርጌ እጽፋለሁ ብያለሁ፤ ጽፌዋለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳቦ ቤታችን ማንም አልገባም። ብስኩቱ ይቅር፣ ደረቁ ዳቦ እንኳን አልተሸጠም። ሰው በማዶ በኩል ዞሮ ያልፋል። ጋሽ ሁሴን የጠራውን ወለል ሦስቴ ይጠርጋሉ። በአራተኛው ቀን ስገባ የሳልሳ ጣሳዋን በሲባጎ አስረው ከትሪዎቹ ጋር ወደ ጆንያ ሲከቱ አገኘኋቸው።

«ምን እየሠሩ ነው?»

«ቆላ ልወርድ ነው፤ ልጄ ዘንድ።» ቀና አላሉም። «እዚያ ሙቀት ነው አስካለ። ዘይት አይረጋም።»

ያን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። «ለምን ዋሹ?»

«አንቺ እዚህ ልጅ ድረሻል፤ ባልሽ እዚህ ተቀብሯል፤ ነገም አንቺን የሚቀብሩሽ እነሱ ናቸው። እኔ ቢከፋኝ አገር አለኝ።»

«ማን ሸክሜን ይሸከሙልኝ አለዎት? ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰረቁኝ!»

«ጥፋት ይሰረቃል እንዴ?» ሊስቁ ቃጣቸው።

«እርስዎ ሰርቀውታል፤ ይመልሱልኝ! እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይቁሙ። ያቺን ጆንያ አሁን ይፍቱ። ካልፈቱ እኔው እፈታዋለሁ፤ ቋጠሮውንም አይቼዋለሁ፤ የሴት ቋጠሮ አይደለም፤ ሲነኩት ይፈታል።»

እሑድ ቅዳሴ እንደወጣ መምሬ ኃይሌን ለምኜ ከበሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ጋሽ ሁሴን ከአጥሩ ውጭ ኮፍያቸውን አስተካክለው ቆመዋል። ስወጣ ሲያዩኝ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተይው ማለታቸው ነው። ሌላ ቃል ቢመጣልኝ እሱን እል ነበር፤ የመጣልኝ ግን የምድጃችን ቃል ነው።

«ጋሽ ሁሴን! ልንገራቸው?»

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ዝም አሉ። እኔም ዝም ብዬ ጠበቅኋቸው፤ ዝም ባልኩባቸው ቀን ጨው ይዘው እንደጠበቁኝ። በኋላ ፊታቸው ፈታ አለ።

«ንገሪያቸው» አሉ።

ነገርኳቸው። ጣሳዎቹን ማን እንዳዟዟረ፣ ማን እንዳቦካ፣ የማን አፍንጫ እንደተዘጋ፣ ማን ብስኩት ይዞ ዝም እንዳለ፣ ሁሉንም። «እኚህ ሰው በዚያች ቀን አፋቸውን ዘግተው ቢቀመጡ ማናችንም አናውቅም ነበር» አልኩ። «ገድፈን፣ አመስግነን፣ ወደየቤታችን በገባን። ጾማችሁን የጠበቀላችሁ ማን ነው? እኔ ክርስቲያኗ ነኝ ወይስ እሳቸው? ፍረዱ! ፈርዳችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ዳቦ ግዙ።»

መጀመሪያ አፋቸውን የከፈቱት እማሆይ ወለቴ ናቸው።

«እኔን አስካለ» አሉ በምርኩዛቸው ወደ እኔ እየጠቆሙ፤ «መግደፉንስ ገደፍኩ፤ ለንስሐ አባቴም ነግሬ ስግደቴን እየሰገድኩ ነው። ግን አራት ቀን ሙሉ ሳስበው የነበረ አንድ ነገር አለ። ቅመሙ ምንድን ነው?»

ደብሩ በሳቅ ተናጋ። መምሬ ኃይሌ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳቁ ሲበርድ ጋሽ ሁሴንን በስማቸው ጠርተው፣ በአጥሩ ላይ እጃቸውን ሰድደው ጨበጧቸው። «ባለማወቅ ለሆነው ንስሐ አለ፤ ይበቃል» አሉ። «ብስኩቱስ ምን በደለ? ለገና አሥር ቀን አይሞላም። ይቆለፍበትና እንገድፍበታለን፤ ያን ጊዜ በደንብ!»

እንዲህም ሆነ። ከመሬት የተነሣውን አራግፈን ለዶሮ ሰጠን፤ የቀረውን በሁለት ትልልቅ ጣሳ ከትተን ቆለፍን። ቁልፉን መምሬ ኃይሌ ያዙት። እማሆይ ወለቴ ግን ገመጥ ያደረጓትን ግማሽ አልጣሉም ነበር፤ በመሐረባቸው ቋጥረው አምጥተው «የእኔን ለይታችሁ አስቀምጡ፤ በኋላ ተደባለቀ እንዳትሉኝ» አሉ። በወረቀት ጠቅልዬ ስማቸውን ጻፍኩበት። ገና ጠዋት ጣሳው ሲከፈት በመጀመሪያ የጠየቁት ያቺኑ ነው። «ጥርስ የሌለው ሰው የነከሰው ይታወቃል» እያሉ አገላብጠው አይተው፣ የራሳቸው መሆኗን አረጋግጠው በሉ።

ከሁላችንም የተሰወረ ነገር ነበር፤ ብስኩቱ ቆይቶ በልጧል። ስኳሩና ጨዉ ተስማምተው፣ አዝሙዱ ገብሱ ውስጥ ሰርጎ፣ ቅቤው ሁሉንም አስታርቆ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በገብርኤል ዋዜማ የቅቤ ብስኩት እንጋግርና እስከ ገና ይቆለፋል። ሰው «የተቆለፈው» ይለዋል። እኛ ተሳስተን የጀመርነውን አሁን ሰው ደንብ ነው ብሎ ይዞታል።

አቶ በላቸውስ? በማግስቱ ሰኞ መጣ። በር ላይ ቆሞ ጫማውን ሲጠርግ ቆየ፤ ጫማው ግን ንጹሕ ነበር።

«ዳቦ አለ?» አለ።

«አለ» አሉ ጋሽ ሁሴን። «ማሽተት ይፈልጋሉ?»

አቶ በላቸው እስከ አንገቱ ቀላ። ጋሽ ሁሴን ግን እየቀለዱ አልነበረም። ሁለቱን ጣሳ አንሥተው ፊቱ ላይ አቀረቡለት። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ሊጥ የሚቦካው ሁለት አፍንጫ ካሸተተው በኋላ ነው። አንዱ የቤቱ፣ ሁለተኛው የገዢው። እስቲ የቱ ነው ዘይቱ?»

አቶ በላቸው አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። «ይሄ» አለ።

«አፍንጫዎ ተሾመ» አሉት።

ሹመቱን አምኖ ተቀበለ። እስኪሞት ድረስ በጾም ወቅት ጠዋት ጠዋት እየመጣ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ሊቅ ያሸት ነበር። ሰው ሲያልፍ ካየው ደግሞ ትንሽ ያስረዝመዋል። ጋሽ ሁሴን ይህን ቢያውቁም አንድ ቀንም አላሾፉበትም። እኔ ብሆን አልችልም ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ብርዱ አጥንታቸው ገባና ልጃቸው መጥታ ወደ ቆላ ወሰደቻቸው። ዳቦ ቤቱን ለእኔ ተዉ፤ የሳልሳ ጣሳዋንም በእጄ ሰጡኝ። መኪናው ላይ ተቀምጠው በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ «እማታንኳኪ ከሆነ ምድጃውን ይዤው እሄዳለሁ!» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በየጾሙ ይደውሉልኝ ነበር። ሰላምታቸው አጭር ነው።

«አሸተትሽ?»

«አሸተትኩ።»

«ከማን ጋር?»

የሁለተኛውን ሰው ስም ካልነገርኳቸው ስልኩን አይዘጉም።

እንግዲህ ይማም መርዶውን የነገረኝ ረቡዕ ነው፤ ጾመ ነቢያት ከገባ ሳምንት አልፎታል። ሊጡ ተጀምሮ ዱቄቱ ከገበታው ላይ እየጠበቀኝ ነበር። ካለቀስኩ በኋላ፣ ከሳቅሁም በኋላ፣ ፊቴን በሽርጤ ጠረግሁ። ዳቦ ቤቱን ልዝጋ ብዬ አሰብኩ። ግን በር ላይ ሰው ተሰልፏል፤ የተሰለፈ ሰው መበደል አልወድም። ወደ ለቅሶው ነገ እወርዳለሁ፤ ባዶ እጄን ደግሞ አልወርድም።

ጣሳውን አወረድኩ። አሸተትኩት። አፍንጫዬ ከለቅሶው የተነሣ እንደዚያን ቀን ተዘግቷል።

«ይማም፣ ና አሽትት።»

«እኔ? እማማ፣ እኔ እኮ ሙስሊም ነኝ፤ የእናንተን ጾም ምን አውቄ?»

«ጾሙን ማን ጠየቀህ? አፍንጫ የለህም?»

መጣ፤ ጎንበስ አለ፤ አሸተተ። «ዘይት ነው» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እናቴን!»

«እናትህን ተዋትና ድገመው።»

ደገመው። «ዘይት ነው፤ ወላሂ ዘይት ነው።»

ዘይቱን ጨመርኩ፤ በሶውን፣ ስኳሩን፣ አዝሙዱን፣ ሚጥሚጣውን። አሸሁት። ከዚያ ጨው በሦስት ጣቴ ይዤ እጄን ከሊጡ በላይ አንጠለጠልኩ፤ አፌም ከልማዱ የተነሣ ራሱ ተናገረ።

«ልንገረው?»

በይማም አፍ ውስጥ ሦስተኛ ብስኩት ነበር። «ማንን? ምኑን?» አለ እያላመጠ።

«ውጥና 'ይንገሩት' በል።»

ዋጠ። እጄን አየ፤ ሊጡን አየ፤ ኮፍያውን አስተካከለ።

«ይንገሩት» አለ።

በተንኩት።